ሳይደርቅ በእርጥቡ

የአፈር ግድብ በተናደ ቁጥር ተከሳሹ ውኃ ነው። «ጎርፉ በረታ፤ ሰማዩ ተቀደደ» ይባላል። ዝናብ በጠፋበት ዓመት ግድቡ ሲሰነጣጠቅ ደግሞ ፀሐይ ትከሰሳለች። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንለው ሌላ ነው። ውኃም ብቻውን፣ ፀሐይም ብቻዋን ይህን ያህል ወንጀለኞች አይደሉም። በሚገባ ተጠቅጥቆ እርጥበቱን ሳይለቅ የሚኖር አፈር ብዙ ዘመን ይቆያል። ዝናብ በማያውቀው አገር የተሠራ የጭቃ ግንብም ለልጅ ልጅ ይተርፋል። አፈርን የሚያደክመው ምልልሱ ነው። ራሰ፣ ደረቀ፤ እንደገና ራሰ፣ እንደገና ደረቀ። ሁለቱ ተራ ገብተው፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው እየቀጠለ ነው ግድቡን የሚጨርሱት።

«የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ስለ አፈር ምን አገባችሁ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። ከግድብ በታች የሚኖረው ገበሬም መሐንዲስ አይደለም፤ ግን ያገባዋል። ደግሞም ብዕር ያስነሣን አንድ ቃል ነው። «ጠንካራ» የሚለውን ቃል ሰው ሁሉ እንደዋዛ ሲወረውረው እንሰማለን። ጠንካራ ግድብ፣ ጠንካራ መሬት፣ ጠንካራ ሕዝብ። መቼ ታይቶ ነው ጠንካራ የተባለው? በየትኛው ወር? ጥያቄያችን ይኸው ነው።

ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ እንዳ ኢየሱስ ደህና ቦታ ነው። ኮረብታው ስለ ውኃ ማስተማር የጀመረው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ከመሆኑ ብዙ አስቀድሞ ነው። በ1888 ዓ.ም.፣ ከዐድዋ ጦርነት ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ በሻለቃ ጋሊያኖ የሚመራ የኢጣልያ ጦር እዚሁ መሽጎ ነበር። ምሽጉ በጥይትና በመሰላል አልተደፈረም፤ ብዙ የወገን ደምም ፈሰሰበት። በመጨረሻ የሠራው የእቴጌ ጣይቱ ምክር ነው፤ ጠላት የሚጠጣበትን ምንጭ መያዝ። ውኃው በተያዘ በጥቂት ቀናት፣ በጥር ወር፣ ምሽጉ ተለቀቀ። ድንጋዩ አልተሰነጠቀም፤ የተሰነጠቀው ከንፈር ነው። ውኃ ሲመጣ ብቻ ሳይሆን ሲሄድም እንደሚፈርድ ይህ ኮረብታ ምስክር ነው።

ከኮረብታው ወረድ ብሎ ሜዳውን ለሚያይ ሰው ደግሞ ሌላ ምስክር አለ፤ ጥቁሩ አፈር። በዚህ አገር ዋልካ ይሉታል፤ መረሬ የሚሉትም አሉ። በመቀሌ ዙሪያ በዓመት የሚዘንበው 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ተጠራቅሞ ይወርዳል። የቀረው ጊዜ ፀሐይና ነፋስ ነው። ስለዚህ ዋልካው በየዓመቱ አንድ ጊዜ እስኪጠግብ ይጠጣል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ አጥንቱ እስኪታይ ይደርቃል። ይህ አንድ ዙር ነው። ሠላሳ ዓመት የቆየ ግድብ ሠላሳ ዙር አይቷል ማለት ነው።

በአንዱ ዙር ውስጥ ምን እንደሚሆን ያስረዳን የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ የሆነ ጓደኛችን ነው። እርሱ በቁጥርና በሥዕል ያስረዳውን እኛ በቃል እንሞክረው። የሸክላ ባሕርይ ያለው አፈር በዓይን የማይታዩ እጅግ ስስ ቅጠሎች ክምር ነው። የዋልካው ቅጠሎች በተለይ ውኃን በመካከላቸው ያስገባሉ፤ ሲርሱ ያብጣሉ፣ ሲደርቁ ይኮማተራሉ። አፈሩ እየደረቀ ሲሄድ በጠባብ ቀዳዳዎቹ ውስጥ የቀረው ጥቂት ውኃ ቅንጣቶቹን እርስ በርስ ጎትቶ ያጣብቃቸዋል። በበጋ ዋልካ ለዶማ እንኳ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። ልብ በሉ! ያ ጥንካሬ የአፈሩ የራሱ ገንዘብ አይደለም፤ ብድር ነው። ዝናብ ሲመጣ ብድሩ በአንድ ሌሊት ይጠየቃል።

ሲኮማተር ደግሞ እኩል አይኮማተርም። ላዩ ይቀድማል፣ ውስጡ ይዘገያል፤ ስለዚህ ላዩ ይሰነጠቃል። ሜዳው ላይ ንቃቃቱ ከአንድ ሜትር በላይ ሊጠልቅ ይችላል። የሰኔ ዶፍ ሲወርድ ውኃው በላይ በላዩ አይፈስም፤ በንቃቃቱ ቁልቁል ገብቶ ግራና ቀኙን ያለሰልሳል። ከዚያ አፈሩ ያብጥና ንቃቃቱ ይዘጋል። ላዩን ያየ ሰው «ዳነ» ይላል። አልዳነም። ከንፈሩን ገጠመ እንጂ ቁስሉ አልሻረም። በሚቀጥለው በጋ በዚያው መስመር ይከፈታል፤ አጠገቡም ታናሽ ወንድም ይወለድለታል።

ይህን በወሬ ብቻ መቀበል ስላልፈለግን በመኝታ ክፍላችን መስኮት ላይ ሞከርነው። ከሜዳው ያመጣነውን ዋልካ ለውሰን ሁለት ድብልቡሎች ሠራን። አንዱን በፌስታል ጠቅልለን እርጥበቱን ጠበቅንለት፤ ሁለተኛውን ለፀሐይ ሰጠነው። ከሳምንት በኋላ ደረቁ ቢወረወር ሰው የሚፈነክት ሆነ። እርጥቡ በአውራ ጣት የሚጎደጉድ ነው። የቱ ይበረታል ቢባል ሽማግሌ አያስፈልግም ነበር። ከዚያ ሁለቱንም ውኃ በሞላባቸው ጣሳዎች ውስጥ ቀስ አድርገን አስቀመጥናቸው። ደረቁ አረፋ እየደፈቀ፣ ስኳር ሻይ ውስጥ እንደሚሆነው ሆኖ፣ እኛ ሻያችንን ሳንጨርስ ከጣሳው ግርጌ ተዘረገፈ። እርጥቡ በማግስቱም ድብልቡል ነበር። አረፋው ምንድን ነው ብትሉ፣ በደረቁ አፈር ቀዳዳዎች የታሰረ አየር ነው። ውኃው ከየአቅጣጫው ሲገባበት መውጫ ያጣና አፈሩን ከውስጥ ያፈነዳዋል።

በላቦራቶሪ ይህንኑ በሥርዓት ያደርጉታል። አፈሩን ጠቅጥቀው፣ አርሰው፣ አድርቀው፣ በየዙሩ ጥንካሬውን ይለካሉ። በተደጋጋሚ የሚታየው ይህ ነው፤ ዋናው ጉዳት የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዙሮች ሲሆን፣ ከዚያ ጉዳቱ እየቀነሰ ሄዶ ጥንካሬው አንድ ወለል ላይ ይረጋል። በይበልጥ የሚጠፋው ቅንጣቶቹን አንድ ላይ ያስተሳሰረው ነገር ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተት የሚፈጠረው ሰበቃ ብዙም አይነካም። እንግሊዛዊው የአፈር ሊቅ አሌክ ስኬምፕተን በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ ለንደን ሸክላ አፈር መንሸራተት ሲጽፍ የተጠቀመበት ስም አለ፤ «ሙሉ በሙሉ የለሰለሰ» እንደ ማለት ነው። ዳምጠው ስንት ጊዜ ተመላልሶ የሰጠውን ጥቅጠቃ ሁሉ የረሳ አፈር መሆኑ ነው። መሐንዲሱ ግድቡን ባስረከበበት ቀን የለካው ጥንካሬና ግድቡ ከዓመታት በኋላ የሚኖርበት ጥንካሬ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ማለት ነው።

እንግዲህ ነገሩን ከጣሳ ወደ ግድብ እናሻግረው። በ1987 ዓ.ም. በትግራይ አንድ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ የዘላቂ ግብርናና የአካባቢ ተሃድሶ ኮሚሽን፣ በአጭሩ ኮሳኤርት ይሉታል። በ10 ዓመት 500 ትንንሽ ግድቦች ሊሠራ አቅዶ ነበር። ከ1977ቱ ረሃብ ገና አሥር ዓመት ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ይዞ ማስቀረት ከምግብ የማይተናነስ ጉዳይ ነበር። የተሠሩት ከእቅዱ ሩብ አልሞሉም፤ ቢሆንም ከመቀሌ ወደ ደቡብ፣ በእንደርታና በሕንጣሎ ወጀራት በኩል ለሚያልፍ መንገደኛ በየሸለቆው የአፈር ግድብ አይጠፋም። አፈሩ የመጣው ከሩቅ አይደለም፤ ከዚያው ከአካባቢው የተቆፈረ ነው። ብዙዎቹ ሁለት ጠላት እንደገጠማቸው ይታወቃል፤ ደለልና ስርገት። ደለሉን ዓይን ያየዋል፤ ውኃ የነበረበት ቦታ ሣር ይበቅልበታል። ስርገቱን በግርጌው የሚበቅለው ቄጠማ ያሳብቃል። ንቃቃቱ ግን በክረምት ስለሚዘጋ ይረሳል፤ በበጋ ሲከፈት ደግሞ ውኃ ስለሌለ ማንም አይፈራውም።

የግድብ አፈር ከሜዳው አፈር ይልቅ መከራው ድርብ ነው። አንዱን ዙር ሰማይ ይሰጠዋል፤ ሌላውን የራሱ ሆድ። በመስከረም ሞልቶ ይጠብቃል። ገበሬው ለመስኖ እየቀዳ ግንቦት ሲደርስ ወለሉ ይታያል። በውኃው በኩል ያለው ተዳፋት ውኃው ሲወርድ ደጋፊውን ያጣል፤ በሸክላው ውስጥ የገባው ውኃ ግን በዚያ ፍጥነት አይወጣም። ስለዚህ ክብደቱን ተሸክሞ፣ ለስልሶ፣ ያለ ምርኩዝ ይቀራል። ይህ የድኻ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ ሳን ሉዊስ የሚባለው ትልቅ ግድብ በ1967 እ.ኤ.አ. አለቀ። በ1981 ውኃው በአራት ወር ገደማ ከ50 ሜትር በላይ ወረደና በውኃው በኩል ያለው ተዳፋት ተንሸራተተ። ምክንያቱ ሲመረመር ከግድቡ ሥር የተተወ ሸክላ አፈር ተገኘ። ሲሠራ ደርቆ ድንጋይ መስሎ ስለታየ ነበር ያልተነሣው። ውኃ አገኘው፤ በየጊዜውም ሞላ ጎደለ፤ 14 ዓመት ቆይቶ ከዳ። ካሊፎርኒያም ቢሆን የተታለለው በደረቅ ወቅት በታየ ጥንካሬ ነው።

ባለፈው ዓመት በሰኔ መግቢያ ያ ጓደኛችን ወደ ትውልድ ቀበሌው ወሰደን። ከመንደሩ በላይ ግድብ አለ፤ ስሙ ይቅር። የጓደኛችን አያት ማሳቸው ከግድቡ ግርጌ ነው፤ ሽንኩርትና በቆሎ ይዘሩበታል። ከእርሳቸው ጋር አሥራ አንድ አባወራ በዚያው መስመር ይኖራል። ግድቡ ሲሠራ ጎልማሳ ነበሩ፤ ድንጋይ ተሸክመውበታል። ዛሬም በዚህ አገር ገበሬው በየዓመቱ 20 ቀን ያህል ለአፈርና ለውኃ ጥበቃ ያለ ክፍያ እንደሚሠራ አንባቢ ያውቃል። አናቱ ላይ ይዘውን ወጡ። ትግርኛችን ስለማይበቃ ጓደኛችን ያስተረጉም ነበር።

«አቦይ፣ ግድቡ ጠንካራ ነው?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ደቀይ» አሉ ሳቅ ብለው፣ «ይህንን በበጋ አትጠይቁኝ። በበጋ ሁሉም ጀግና ነው።»

ከዚያ የሆነውን አጫወቱን። ከሁለት ዓመት በፊት በጥር፣ መንገዱ ለመኪና ደህና በሆነበት ወር፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች መጥተው ነበር። በብረት ዘንግ ግድቡን ወጋ ወጋ ቢያደርጉት ብረቱ ነጠረ። «እንደ ሲሚንቶ ነው» ብለው፣ ጽፈው፣ ቡና ጠጥተው ሄዱ። በነሐሴ ከተዳፋቱ ላይ አውድማ የሚያህል ቁራጭ በአንድ ሌሊት ተንሸራትቶ አደረ። ጥልቀቱ ከወገብ አያልፍም። ሕዝቡ ወጥቶ ሞላው። ጓደኛችን ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ፤ ለካ በዓለም ላይ በምልልስ የደከመ ተዳፋት ብዙውን ጊዜ የሚንሸራተተው እንዲሁ ነው፤ ከተሠራ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከዝናብ በኋላ፣ ላይ ላዩን፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባል የለ!

አዛውንቱ ሁለት ዓይነት ንቃቃት አሳዩን። አንዱ የግድቡን ርዝመት ተከትሎ ይሄዳል። ሌላው ከውኃው ወገን ተነሥቶ አናቱን አቋርጦ ወደ ማሳው ወገን ይሻገራል። «ያኛው ያሳስበኛል፤ ይህኛው ግን እንቅልፍ ይነሣኛል» አሉ። መሐንዲስም ቢሆን ከዚህ የተሻለ አይናገርም፤ የሚሻገረው ንቃቃት ግድቡ ሲሞላ የውኃ መንገድ ሊሆን ይችላልና። በነሐሴ ሌሊት ባትሪያቸውን ይዘው ወደ ግርጌው ይወርዳሉ። ከግርጌው የሚንጠባጠበውን ውኃ በነጭ ኩባያ ቀድተው ያዩታል። «ጥሩ ሆኖ ከወጣ ተመልሼ እተኛለሁ። ደፍርሶ ከወጣ ግድቡን እየበላ ነው፤ ቤት ለቤት ዞሬ ሰው አስነሣለሁ» አሉን። ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም። የእኛ ግን ከዚያ ወዲያ ጨዋታችን ጠፋ። በአሥራ አንድ ቤት እንቅልፍና በጎርፍ መካከል የቆመው አንድ ሽማግሌና አንድ ነጭ ኩባያ ነው።

ይህን ዕውቀት ከየት አመጡት? ከቤታቸው ጣሪያ። የትግራይ ህድሞ ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ የተጠቀጠቀ አፈር ነው። ያ አፈርም በየበጋው ይሰነጠቃል፤ በየሰኔው ያፈሳል። ስለዚህ አፈር ይጨመርበታል፣ ይረግጡታል፣ ይደበድቡታል። መቼ? «አቧራ ሆኖ ሳለ አይሆንም፤ ጭቃ ሲሆንም አይሆንም። በጭብጥህ ስትጨምቀው የሚይዝልህ፣ እጅህን ግን የማያረጥብ ሲሆን ነው» አሉ። ራልፍ ፕሮክተር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1933 እ.ኤ.አ. ለጥቅጠቃ የሚሻለው የእርጥበት መጠን አንድ የተወሰነ መጠን መሆኑን ያስረዳበትን ጽሑፍ አሳተመ። ዛሬ በዓለም ላይ የብዙ ግድብና መንገድ ጥቅጠቃ በእርሱ ፈተና ይለካል። የህድሞ ባለቤት ያንኑ በጭብጡ ለክቶ ኖሯል። ግድቡ ላይ ሲወጣ ግን ጭብጡን የሚጠይቀው የለም፤ ጉልበቱን እንጂ።

ከዚያ ወዲህ የመጣውንም ሳንጠቅስ አናልፍም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ሁለት ክረምቶች አለፉ። ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተዋል፣ ሰው ተሰዷል፣ ሞቷል። አፈሩ ግን ዙሩን አላቋረጠም። ራሰ፣ ደረቀ፤ ራሰ፣ ደረቀ። በዚያ ጊዜ ግድቡን ማን ሞላው ብለን አዛውንቱን ስንጠይቃቸው፣ መልስ ሳይሰጡን ወደ መንደሩ አይተው ዝም አሉ። እኛም አልደገምንም። ንቃቃት ሰላም እስኪወርድ አይጠብቅም፤ ሰላም ከወረደም በኋላ የቀረበትን ሁለት ዓመት እየቆጠረ ይቆያል።

እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ነንና አንድ ነገር እንበል። በአማርኛ «ነቃ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይናገራል። ገንቦው ነቃ፤ ተሰነጠቀ ማለት ነው። ሰውዬው ነቃ፤ ከእንቅልፉ ተነሣ ማለት ነው። በግዕዝ የተለያዩ ነበሩ። የስንጥቁ ነቅዐ በዐይኑ «ዐ» ይጨርሳል፤ የእንቅልፉ በ«ሀ» ድምፅ። ጉሮሯችን ድምፆቹን ሲተው ሁለቱ ተዋሐዱ። ከዚህም በላይ የውኃ ምንጭ በግዕዝ ነቅዕ ይባላል። ስንጥቅና ምንጭ አንድ ቤት ናቸው! ይህን የሰየሙ አባቶች የግድብ ግርጌ አይተው ነው ያሰኛል። የ1960ዎቹ ተማሪዎች «ንቃ፣ ተደራጅ፣ ታጠቅ» ሲሉ ስለ ሰው እንጂ ስለ አፈር አላሰቡም። እኛ ግን ሁለቱን አንድ ላይ ማሰብ እንችላለን። ግድቡ ሲነቃ ሰው መንቃት አለበት፤ ሰው ሳይነቃ ከቀረ ግን ከግርጌው የሚነቃው ሌላ ምንጭ ነው።

ስለ «ጠንካራ» ቃላችንም እንዲሁ። ሕዝባችንን ብዙ ሰው ጠንካራ ይለዋል። «ድርቁን ቻለው፣ ጦርነቱን ቻለው፣ ኑሮ ውድነቱን ቻለው» ይላል። ይህን ስንሰማ ያ መስኮት ላይ የደረቀው ድብልቡል ትዝ ይለናል። የቻለ ሁሉ አልጠነከረም። ከአንዱ መከራ ወደ ሌላው ሲመላለስ የቆየ ሰው በውጭ ደርቆ ሊጠብቅ ይችላል፤ ከውስጥ ያስተሳሰረው ግን በየዙሩ ሳስቶ ይሆናል። በደረቅ ወቅት በብረት ዘንግ ወግቶ «ደህና ነው» ብሎ መጻፍ ቀላል ሥራ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለግድቡ የሚደረገው የማይታወቅ አይደለም። አንደኛ፣ ሸክላውን ለፀሐይ ራቁቱን አለመተው፤ በማያብጥ ጠጠራማ አፈርና በድንጋይ ንጣፍ፣ በወደ ማሳው በኩል ደግሞ በሣር ማልበስ ነው። ዛፍ አይተከልበትም፤ ሥሩ ራሱ መንገድ ይከፍታል። ሁለተኛ፣ ንቃቃትን በደረቅ አፈር አለመድፈን። ዳር ዳሩን ቆፍሮ፣ አፈሩን አርጥቦ፣ በስስ በስሱ እየደለደሉ መጠቅጠቅ ነው። ደረቅ አቧራ መጨመር ቁስል ላይ ነጠላ ጣል እንደ ማድረግ ነው። ሦስተኛ፣ ተዳፋቱ ሲሠራ በተጠቀጠቀበት ቀን ጥንካሬ ሳይሆን በለሰለሰበት ጥንካሬ አስልቶ ዘርጋ ማድረግ ነው። አራተኛ፣ በመስኖው ጊዜ ውኃውን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ እያሉ ማውረድ ነው። አምስተኛ፣ ምርመራውን በጥር ብቻ አለማድረግ። በግንቦት ንቃቃቱ ሲከፈት አንድ ጊዜ፣ በነሐሴ መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና እምቢ ሲል በእግርም ቢሆን አንድ ጊዜ መሄድ ነው። እስከዚያው ድረስ ለአዛውንቱ ሌላ አራት ኩባያና አራት ወጣት ተረኛ ቢታከልላቸው ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

አበው «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ሲሉ ስለ ፍቅርና ስለ ጠብ ያሉት ይመስለን ነበር። ለግድብም ልክ ነው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል፤ አሥር ክረምት ያሳስቅና በአሥራ አንደኛው ይወስዳል። የምሕንድስናው ጓደኛችን በዚህ ክረምት ወደ አያቱ ይወርዳል። ከእኛም መካከል ሁለታችን አብረን እንወርዳለን፤ አንዳችን ንቃቃቱን በገመድ ለክቶ በደብተር ይጽፋል፣ አንዳችን አዛውንቱ የሚያውቁትን ከአፋቸው ይቀዳል። አብሮ መሄድ የሚፈልግ አንባቢ ጥሩ ቦቲ ጫማና አንድ ነጭ ኩባያ ይያዝ።